መሣሪያው 98 ያለባት ሌሊት

የእንጀራ ገመዴ ቁጥር ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ በሂሳብ ሠራተኛነት ስሠራ ዓመታት ተቆጥረዋል። ገቢና ወጪ አልገናኝ ካለ የሆነ ቦታ የጠፋ ደረሰኝ አለ፤ እሱን እስካገኝ ድረስ እንቅልፍ አይወስደኝም። ባለፈው ዓመት ነሐሴ ግን ደሴ ላይ፣ በአክስቴ ጣት ላይ የተሰካች፣ የደም ኦክስጅን የምትለካ ትንሽ መሣሪያ 98 የሚል ቁጥር አሳየችን። ከ100 98። ያየው ሁሉ «እሰየው» የሚልለት ቁጥር ነው። አክስቴ ግን ዓይኗን አልገለጠችም፤ ስሟ ሲጠራ አትሰማም፤ እጇ በእጄ ውስጥ እንደ እርጥብ ጨርቅ ልሟል። ቁጥሩ እውነት ከሆነ አክስቴ ደህና ናት። አክስቴ ደህና ካልሆነች ቁጥሩ ውሸት ነው። ሁለቱ በአንድ አልጋ ላይ እንዴት አብረው እንደተኙ ለመረዳት ወራት ፈጀብኝ።

ፍሙ

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። የሐረጎን ዳገት ሲወጡት ግን አገሩ ሌላ ይሆናል። ታች 1,850 ሜትር ላይ በስስ ሸሚዝ የተሳፈረ ሰው፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ሲወርድ ጋቢ ያምረዋል። በዚያ ቀን የጦሳ ተራራ ጉም ውጦት አይታይም ነበር። ቧንቧ ውሃ አካባቢ ካለው የአክስቴ ቤት ስደርስ ዝናቡ ጫማዬን ሞልቶታል፤ መብራትም ከቀትር ጀምሮ ጠፍቷል። አክስቴ ከሰል አቀጣጥላ ቡና አፈላች። ጎረቤቶች አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም ጠጥተው፣ መርቀው ተነሡ።

ምድጃው ውስጥ የቀረው ፍም ደስ ይላል። ጭስ የለው፣ ሽታ የለው፤ ልክ እንደ ብርቱካን የቀላ። «ይህን የመሰለ ፍም ደጅ ደፍቼ በብርድ ልንቀጥቀጥ?» አለችና ምድጃውን አልጋዋ አጠገብ አስቀመጠችው። ብርድ የሚገባበትን የውጭውን በር ሥር በአሮጌ ነጠላ ወተፈችው። እኔም ምንም አላልኩም። «ጭሱ ከወጣለት ከሰል ሰው አይነካም» እየተባልኩ ነው ያደግሁት፤ ደሴ ውስጥ ያደገ ማንም ሰው ይህን ሰምቷል። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ መደቡ ላይ ተኛሁ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ራሴን ሊፈልጠው ሲል ነቃሁ። ልነሣ ብል ጉልበቴ ከዳኝ። ግድግዳውን ይዤ ቆምኩና «እትዬ!» ብዬ ጠራኋት። መልስ የለም። ደግሜ ጠራኋት። አተነፋፈሷ ይሰማል፤ ግን የእንቅልፍ አተነፋፈስ አይደለም። እንዴት በሩ ጋ እንደደረስኩ አላስታውስም፤ የማስታውሰው ነጠላውን ስጎትት የገባውን ቀዝቃዛ አየር ነው። እሱን አንዴ ሳብኩና ጮህኩ።

ጎረቤት ወዲያው ሞላ። አንዷ «ምች ነው፣ ዳማከሴ እሹላት» አለች። ሌላዋ ወተት ይዛ መጣች። ከጎን ያሉት ሐጂ ግን ባትሪያቸውን ምድጃው ላይ አበሩና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ራሱን የሳተ ሰው ወተት አይጠጣም! ወደ ውጭ አውጧት፤ ባጃጅ ጥሩ!» አሉ። በብርድ ልብስ ጠቅልለን አወጣናት። ሐጂ ትከሻዬን ይዘው «አብሽር ልጄ፣ አብሽር» ይሉኛል። እኔ ግን እግሬ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

ቁጥሩ

ሐኪም ቤት ስንደርስ አንድ ወጣት ባለሙያ መሣሪያዋን ጣቷ ላይ ሰካ። 98። ፊቱ ፈታ አለ፤ «ኦክስጅኗ ጥሩ ነው» አለን፤ ሌላ ምክንያት ለመፈለግም ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ይጠይቀን ጀመር። በዚያች ደቂቃ የተሰማኝን እፎይታ ዛሬም አልረሳውም። ቁጥር ነዋ! ለእኔ ቁጥር ሲናገር ነገር ያበቃል።

ከዚያ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሲስተር ገቡ። መሣሪያዋን አላዩም። የአክስቴን የዓይን ቆብ ገልጠው አዩ፤ ወደ እኔ ዞሩና «ቤት ውስጥ ከሰል ነበር?» አሉ።

«ነበር፤ ግን ጭሱ ወጥቶለት ነበር።»

«የሚገድለው ጭሱ አይደለም» አሉ፤ ጭምብሉን አክስቴ ፊት ላይ እያሰሩ። «መሣሪያዋን ተዋት። እሷ የምታየው የደሙን ቀለም ነው፤ ደሙ ምን እንደተሸከመ አታውቅም።»

ይህን አረፍተ ነገር ከዚያች ሌሊት ወዲህ ስንት ጊዜ ለራሴ እንደደገምኩት! በኋላ ሳነብ ሲስተር ያሉት ቃል በቃል ትክክል ሆኖ አገኘሁት። መሣሪያዋ በጣት ውስጥ ብርሃን ታሳልፋለች። በደማችን ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ሲሸከም ደማቅ ቀይ ይሆናል፤ ሲያራግፍ ይጠቁራል። መሣሪያዋ ድምቀቱን አይታ በመቶኛ ትናገራለች። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ግን ሄሞግሎቢኑን ኦክስጅን ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ የያዘውን ደምም ልክ እንደ ኦክስጅን ያደምቀዋል። ለመሣሪያዋ ሁለቱ አንድ ናቸው። በሙያዬ ቋንቋ ልናገረው፦ ደረሰኙ ላይ ማኅተም አለ፣ ፊርማ አለ፣ መጋዘኑ ውስጥ ያለው ዕቃ ግን ሌላ ነው። እንዲህ ያለውን ጉድለት ወረቀት ብቻ የሚያይ ሰው በጭራሽ አያገኘውም። ሲስተር ወረቀቱን ትተው መጋዘኑን ጠየቁ፤ «ቤት ውስጥ ከሰል ነበር?» አሉ። የአክስቴ ሕይወት የተረፈው በዚያ ጥያቄ ነው።

ጋዙ ከደም እስኪለቅ ጊዜ ይወስዳል። ተራ አየር ለሚስብ ሰው ግማሹ እንኳ እስኪወጣ አራት አምስት ሰዓት ይፈልጋል፤ በጭምብል ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጥ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። እኔም ጭምብል ተደረገልኝ። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ አክስቴን እያየሁ በልቤ መዝገብ ከፈትኩ። ማታ እንጀራ በሽሮ በልታለች፤ ስለዚህ ምግብ አለ። ሳንባዋ ይወጣል ይገባል፤ ስለዚህ አየር አለ። ልቧ ይመታል፤ ደሟ ቀይ ነው። ሁሉም ነገር አለ። ሁሉም ካለ ታዲያ የምትሞተው ምን ጎድሏት ነው? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ያን ሌሊት ገባኝ።

ሁለት ምድጃ

ትምህርት ቤት ሳለሁ ስለ ህዋስ አተነፋፈስ አንድ መስመር በቃሌ ይዤ ነበር፦ ግሉኮስ እና ኦክስጅን ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውሃና ኃይል ይሰጣሉ። ፈተና ላይ ጽፌው ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። ምን ማለት እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም። እንዲያውም «መተንፈስ» የሚለው ቃል ራሱ አሳስቶኝ ነበር፤ መተንፈስ የሳንባ ሥራ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሳንባ በር ነው። ሥራው የሚሠራው ጓዳ ነው፤ በእያንዳንዷ ህዋስ ውስጥ።

ነገሩን የከፈተልኝ አንድ የሂሳብ ሰው ነው። ፈረንሳዊው አንቷን ላቭዋዚዬ በሳይንቲስትነቱ ይታወቅ እንጂ ኑሮው ከግብር ሰብሳቢዎች ማኅበር ጋር የተያያዘ ነበር፤ በ1794 ዓ.ም. (ሁሉንም ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) አንገቱን ያሳጣውም ይኸው ነው። በ1782 እና በ1783 መካከል በነበረው የብርድ ወራት ከሂሳብ ሊቁ ላፕላስ ጋር ሆኖ፣ ጊኒ ፒግ የምትባለውን አይጥ የምትመስል ትንሽ እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስቀመጠ። ሙቀቷ ያቀለጠውን በረዶ መዘነ። ከዚያ ያንኑ ከሚነድ ከሰል ጋር አነጻጸረው። ከሰል! እንስሳዋ የተነፈሰችውን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያወጣ ከሰል የሚያቀልጠው በረዶ፣ እሷ ካቀለጠችው ጋር የሚቀራረብ ሆነ። ስለዚህ መተንፈስ ዝግ ያለ ቃጠሎ ነው አለ። እኔ ይህን ሳነብ የአክስቴ ምድጃና አክስቴ ጎን ለጎን ታዩኝ። ሁለት ምድጃ ነበሩ፤ በአንድ በተወተፈ ክፍል ውስጥ፣ ለአንድ አየር የሚሻሙ።

ላቭዋዚዬ የተሳሳተው ቦታው ላይ ነው፤ ቃጠሎው ሳንባ ውስጥ የሚካሄድ መስሎት ነበር። እንደ ፍም የሚነድ ነገርም የለም። ከሰል የያዘውን ኃይል በአንዴ በሙቀትና በብርሃን ይዘረግፈዋል። ህዋስ እንዲህ ብታደርግ ራሷን ባቃጠለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ እሷ ግሉኮሱን ደረጃ በደረጃ ነው የምትፈታው። መጀመሪያ ለሁለት ትከፍለዋለች፤ ለዚህ ኦክስጅን አያስፈልግም፤ የተጣራው ትርፍም ሁለት ኤቲፒ ብቻ ነው። ኤቲፒ ህዋስ ለሥራዋ ሁሉ የምትከፍለው ሳንቲም ነው፤ ጡንቻ ሲኮማተር፣ ነርቭ ሲያስተላልፍ፣ ሁሉም በእሱ ይከፈላል። ቀሪው ማይቶኮንድሪያ ወደሚባለው የህዋስ ክፍል ይገባል። እዚያ ባዮኬሚስቱ ሃንስ ክሬብስ በ1937 በገለጠው ዙር ውስጥ የምግቡ ካርቦን አንድ በአንድ ተነቅሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ በትንፋሽ የምናወጣው እሱን ነው። ኃይል የያዙት ኤሌክትሮኖች ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ይወርዳሉ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሳነብ ነው የተገረምኩት። ኤሌክትሮኖቹ ሲወርዱ የሚለቁት ኃይል ፕሮቶኖችን ከማይቶኮንድሪያው ስስ ሽፋን ወዲያ ማዶ ይገፋል። ወዲያ ማዶ ይጠራቀማሉ፤ ልክ ግድብ ውስጥ እንደተጠራቀመ ውሃ። ተመልሰው ሲገቡ የምትሽከረከር ማሽን አለች፤ ስትዞር ኤቲፒ ትሠራለች። ይህን እንግሊዛዊው ባዮኬሚስት ፒተር ሚቸል በ1961 ሲያቀርብ ብዙዎች አልተቀበሉትም፤ የኖቤል ሽልማት ያገኘው በ1978 ነው። ከአንድ ግሉኮስ ጠቅላላ የሚገኘውን የድሮ መማሪያ መጻሕፍት 36 ወይም 38 ኤቲፒ ይሉ ነበር፤ አሁን የሚነገረው 30 ወይም 32 ገደማ ነው፤ በመንገድ የሚንጠባጠበውና ለማጓጓዣ የሚከፈለው ሲቀነስ ማለት ነው። ይህን ማስተካከያ ሳይ ለሥራው ትልቅ አክብሮት አደረብኝ። የማጓጓዣ ወጪን የረሳ ሂሳብ ሂሳብ አይደለም።

ታዲያ ኦክስጅን የት አለ? መጨረሻ ላይ። ሥራው የወረዱትን ኤሌክትሮኖች መቀበል ነው፤ ተቀብሎ ከሃይድሮጅን ጋር ውሃ ይሆናል። የምንስበው ኦክስጅን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ የሚመለስ ይመስለኝ ነበር፤ አይደለም፤ ውሃ ሆኖ ውስጣችን ነው የሚገባው። ተቀባይ ብቻ ነው ብሎ መናቅ ግን አይቻልም። የመጨረሻው መስኮት ሲዘጋ ሰልፉ እስከ መጀመሪያው ሰው ድረስ ይቆማል። ኤሌክትሮን የሚቀበል ከሌለ አቀባዩም እጁ ይሞላል፤ ከእሱ በፊት ያለውም እንዲሁ፤ ዙሩ ይቆማል፤ ግድቡ ይጎድላል፤ ማሽኗ መዞር ታቆማለች። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይህን በሁለት በኩል ነው የሚያደርገው፦ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ይከለክላል፤ ራሱም ኦክስጅን የሚቀመጥበት የመጨረሻው ኢንዛይም ላይ ሊቀመጥ ይችላል።

መጠባበቂያ የለንም። ሰውነታችን ውስጥ በአንድ ቅጽበት ያለው ኤቲፒ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ በቀን የሚመላለሰው ግን በግምት የራሳችንን ክብደት ያክላል። ያው ሳንቲም እየተከፈለ፣ እየተመለሰ፣ እንደገና እየተከፈለ ነው። አንጎል ከክብደታችን 2 በመቶ ቢሆን ነው፤ ከኃይላችን ግን 20 በመቶ ገደማ ይወስዳል። ራሴን የፈለጠኝ፣ አክስቴን ከእንቅልፍ ወደዚያ ጥልቅ ነገር የወሰዳት ለዚህ ነው። እንደ ደሴ ከፍ ባለ ቦታ ደግሞ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ከመጀመሪያውም የተረፈን ብዙ አልነበረም።

ከሁሉም በላይ የማይለቀኝ ግን ስለ ፍሙ ያነበብኩት ነው። ከሰል በቂ አየር ሲያገኝ አንዱ ካርቦን ሁለት ኦክስጅን ይዞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። አየር ሲያጥረው ግን አንድ ብቻ ይዞ ይወጣል፤ በግማሽ የነደደ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ማለት ይህ ነው። ያ የሚያምረው ፍም ራሱ ታፍኖ ነበር። ጭሱ ከወጣ በኋላም፣ ፍም ከሆነ በኋላም፣ አመድ እስኪሆን ድረስ ይህን ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ የምታነቡ ሁሉ እለምናችኋለሁ፤ ፍም መኝታ ቤት አታስገቡ። እናቶቻችሁንና አክስቶቻችሁን «ጭሱ ወጥቶለታል» ሲሉ እሺ አትበሏቸው። እኔ እሺ ብዬ ነበር።

የሊጡ ጥያቄ

አክስቴ ጎሕ ሲቀድ ዓይኗን ገለጠች። የመጀመሪያ ቃሏ «ምድጃውን አጠፋችሁት?» የሚል ነበር። ሐጂ አለቀሱ። በሦስተኛው ቀን ቤቷ ገባች፤ ለጥቂት ሳምንታት ነገር ትረሳ ነበር፤ አሁን ተሽሏታል።

ጥቅምት ላይ ሄጄ ይህን ያነበብኩትን ሁሉ ነገርኳት። በረንዳው ላይ ቡና እያፈላች ነበር፤ ምድጃው ከዚያች ሌሊት ወዲህ ደፉን አልተሻገረም። ጋቢዋን ተከናንባ በጸጥታ ሰማችኝ። ስጨርስ ጥግ ወዳለው የሊጥ ዕቃ ጠቆመችና እንዲህ አለች፦

«እኔ በአንድ ሌሊት ልሞት ደረስኩ። ይኸው ሊጡን ከድኜው ሦስት ቀኑ፤ እርሾው ለምን አይሞትም?»

ዝም አልኩ። ያነበብኩትን ሁሉ ገልብጬ ሳይ መልሱ እዚያው ነበረ፤ ያንን ጥያቄ ግን እኔ አልጠየቅሁትም። ሊጥ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕያዋን ያለ ኦክስጅን መኖር ያውቃሉ። ግሉኮሱን ለሁለት ከፍለው በሁለት ኤቲፒ ይብቃቃሉ። ቀሪውን ከፊሎቹ ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከፊሎቹ እንጀራን ወደሚያኮመጥጠው አሲድ ይለውጡታል። የእንጀራው ዓይን የእነሱ ትንፋሽ ነው። ያልተጠቀሙበት ኃይል አይጠፋም፤ አልኮሉ ውስጥ ይቀራል፤ ጥሩ አረቄ በክብሪት ሲለኮስ በሰማያዊ ነበልባል የሚነደው እሱ ነው። ከ30 ሁለቱን ብቻ ወስዶ ቀሪውን የሚተው ሰው ቢኖር አባካኝ እንለው ነበር። እርሾ ግን አንጎል የለው፣ ልብ የለው፤ ሁለቱ ይበቁታል።

«በአንቺም ውስጥ እንደ ሊጡ የሚኖሩ አሉ» አልኳት። ጦሳን ስንወጣ የሚያቃጥለን ጡንቻ ትንፋሽ ሲያጥረው ለጥቂት ጊዜ እንዲሁ ያደርጋል። ግን ከእሱ የባሱ አሉ፤ ቀይ የደም ህዋሶች። ማይቶኮንድሪያ የላቸውም። ኦክስጅን ከሳንባ እስከ እግር ጣት ተሸክመው ያዳርሳሉ፤ ራሳቸው ግን አንዲት አይቀምሱም፤ በዚያችው በሁለት ኤቲፒ ይኖራሉ። በዚያች ሌሊት የሐሰት ጭነት የተጫነባቸውም እነሱ ናቸው።

ስኒውን አስቀመጠችው። «ጭነቱን ሲሸከሙ ይኖራሉ፤ ከጭነቱ አይበሉም?»

«አይበሉም።»

«እንዲህ ያለ ታማኝ ተሸክሞኝ ነው እኔ ልገድለው የነበረው?» አለች። በእሷ ንግግር ውስጥ ቀልድ አልነበረም። ተነሥታ ወደ ሊጡ ሄደች፤ ክዳኑን ገለጥ አድርጋ ጆሮዋን አቀረበች። ፊቱ ላይ አረፋው አንድ በአንድ ይፈነዳ ነበር። ከዚያ ከደነችውና ወደ ቤት ገብታ፣ ጉሙ እየገባም ቢሆን፣ የመኝታ ክፍሏን መስኮት በሰፊው ከፈተችው።